የአዛዥና የታዛዥ ዕዳ

በጦርነት ጊዜ የንጹሕ ሰው ደም ፈሶ ነገሩ ከዳኛ ፊት በቀረበ ቁጥር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው መልስ «ታዝዤ ነው» የሚል ነው፤ ያዘዘውም ሰው ተፈልጎ በተገኘ ጊዜ «እኔ በእጄ የገደልሁት የለም፤ ያዘዝሁትም እንዲህ እንዲሆን አልነበረም» ብሎ ይከራከራል። በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ደሙ ባለዕዳ አጥቶ እንዳይቀር ሕግ ዐዋቂዎች ለብዙ ዘመን ደክመዋል፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ጥያቄው ከመጻሕፍተ ሕግ አስቀድሞ በቅዱስ መጽሐፍ ተነሥቷል። ንጉሥ ሳኦል፣ የኖብ ካህናት ዳዊትን ተቀብለው እንጀራና ሰይፍ ሰጥተውታል ብሎ በተቈጣ ጊዜ፣ በዙሪያው የቆሙትን ዘበኞች ካህናቱን እንዲገድሉ አዘዛቸው፤ ዘበኞቹም በእግዚአብሔር ካህናት ላይ እጃችንን አናነሣም አሉ፤ ንጉሡ ግን ፊቱን ወደ ኤዶማዊው ወደ ዶይቅ መለሰ፣ ዶይቅም ፈጸመው። ዳዊት ወሬው በደረሰው ጊዜ፣ ዶይቅን በዚያ ቦታ አይቶት ነበርና፣ ያላዘዘውንና ያልፈጸመውን ጥፋት በራሱ ላይ ቈጠረው። እንቢ ያሉት ዘበኞች ምን እንደ ደረሰባቸው መጽሐፉ አይነግረንም። «እንቢ ብል ኖሮ እኔም እሞት ነበር» ማለት የተከሳሽ ሁሉ መሸሸጊያ ነው፤ ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር በተደረጉት ረጃጅም ምርመራዎች፣ ሰላማዊ ሰው አልገድልም በማለቱ ብቻ በሞት የተቀጣ ወታደር አለ ብለው ተከሳሾቹ በማስረጃ ሊያስረዱ አልቻሉም።

በእኛ አገር ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጸው በደብረ ሊባኖስ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣልያ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉና በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያ ሁሉ መዓት ከወረደ በኋላ፣ ግራዚያኒ የገዳሙን መነኮሳት የአድማው ተባባሪዎች ናቸው ብሎ እንዲረሸኑ ጄኔራል ማሌቲን አዘዘ። ማሌቲም ሰው ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ፍልሰት የሚሰበሰብበትን የግንቦት 12ን ቀን ጠብቆ ገዳሙን ከበበ፤ በማግስቱ መነኮሳቱን በካሚዮን እያስጫነ ወደ ሜዳ አውርዶ አስረሸናቸው፤ በመጀመሪያ ከሞት ተለይተው የነበሩት ዲያቆናትም ጥቂት ቀን ቈይተው፣ ሌላ ትእዛዝ ስለ መጣ፣ ተከተሏቸው። ግራዚያኒ ራሱ ለሮማ ያስታወቀው ቍጥር በመጀመሪያው ጊዜ 297 መነኮሳት፣ በሁለተኛው 129 ዲያቆናት የሚል ሲሆን፣ በኋላ ታሪኩን የመረመሩት ሰዎች እውነተኛው ቍጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ይናገራሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ማሌቲ ለዚህ ሥራ የለየው የክርስቲያን ወታደሮችን ጓድ ሳይሆን ከሙስሊም አስካሪዎች የተውጣጣ የቅኝ ግዛት ሻለቃ ጦር ነበር። ይህን ማድረጉ ለእነዚያ ወታደሮች ሃይማኖት ነቀፋ አይሆንም፤ የሚመሰክረው በአዛዡ በራሱ ላይ ነው። ታዛዥ መሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጅ መምረጥ ባላስፈለገም ነበር፤ እንቢ የማይለውን እጅ የሚፈልግ አዛዥ፣ ሰው እንቢ ለማለት እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው።

ፍርዱስ የት ደረሰ? ማሌቲ እ.ኤ.አ. በ1940 በግብፅ በረሓ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጋ ሞተ። ኢትዮጵያ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉበትን የ10 ሰዎች ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን ብታቀርብም፣ ከእነርሱ መካከል በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠራው ግፍ ከችሎት የቆመ አንድም ሰው የለም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ የተናገሩት ስለ ገዛ ነገሥታታቸው ነበር፤ ለባዕድ እንደራሴም ይሠራል ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም።

በአውሮፓ ሕጉ ቀስ እያለ ነው የተገነባው። እ.ኤ.አ. በ1921 በላይፕዚግ የተቀመጠው የጀርመን ችሎት አንዱን የባሕር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ የሆስፒታል መርከብ ያሰጠምኸው ታዝዘህ ነው ብሎ በነጻ ሲለቀው፣ ከሌላ የሆስፒታል መርከብ ተርፈው በጀልባ ላይ በነበሩት ሰዎች ላይ የተተኰሰውን ግን ማንም ሰው ወንጀልነቱን ሳይጠይቅ የሚያውቀው ነው በማለት ሁለት መኰንኖችን ቀጣ። የኑረምበርግን ችሎት ያቋቋመው የ1945ቱ የለንደን ቻርተር ደግሞ የበላይ ትእዛዝ ቅጣትን ሊያቀል ይችል እንደ ሆነ እንጂ ከጥፋት ነጻ እንደማያወጣ ደነገገ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን በቅርብ የሚያሳየን በእስራኤል አገር በክፈር ቃሲም የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1956 የሲና ጦርነት ሲጀመር፣ በዮርዳኖስ ወሰን አጠገብ ባሉት የዐረብ መንደሮች ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ፣ የወጣም እንዲተኰስበት ተወሰነ። ትእዛዙን ከኮሎኔል ሻድሚ የተቀበለው ሻለቃ ማሊንኪ፣ አዋጁን ሳይሰሙ ከሥራ የሚመለሱት ሰዎች ነገርስ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ፤ በችሎት እንደ መሰከረውም፣ ኮሎኔሉ ዐረቦች ለሞተ ሰው በሚሉት ምርቃት «እግዚአብሔር ይማረው» ሲል መለሰለት፤ ሻድሚ ግን ይህን ክዷል። የክፈር ቃሲም ሹም አዋጁን የሰማው ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነበርና፣ 400 ያህል ሰዎች ከመንደሩ ውጭ በሥራ ላይ ናቸው፣ ላስታውቃቸው አልችልም ብሎ ቢያመለክት፣ ያልፋሉ ተባለ። አላለፉም። በብስክሌት፣ በጋሪና በካሚዮን የተመለሱት ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች፣ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ፣ በመንደራቸው መግቢያ ተገደሉ። በዚያው ምሽት ያንኑ ትእዛዝ የተቀበሉ፣ በሌሎች መንደሮች የቆሙ የመቶ አዛዦች ግን ተመላሾቹን ወደየቤታቸው አሳለፏቸው።

ዳኛው ቢንያሚን ሃሌዊ እ.ኤ.አ. በ1958 በሰጠው ፍርድ፣ ሕገ ወጥነቱ ለዓይን ሁሉ የተገለጠውን ትእዛዝ ወታደር እንዲያፈርስ ግዴታ አለበት አለ፤ ቃሉም ዛሬ በየአገሩ የሕግ ትምህርት ቤት ይጠቀሳል። ማሊንኪ 17 ዓመት ተፈረደበት፤ ነገር ግን ቅጣቱ ደጋግሞ ተቀንሶ እርሱም አብረውት የተፈረደባቸውም እስከ 1960 ድረስ ሁሉም ተፈቱ። ኮሎኔሉ ለብቻው ቀርቦ 10 ፕሩታ፣ ማለት ከሳንቲም የማይሻል መቀጫ ከፈለ። እንግዲህ ፍርዱ በቃል ከፍ ያለውን ያህል በሥራ ዝቅ ብሏል፤ ያዘዘው ከፈጸመው ይልቅ ቀለለት።

በኢትዮጵያ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ታዛዡ የታዘዘው ነገር እንደ ነፍስ ግድያ ያለ ወንጀል መሆኑን እያወቀ ከፈጸመው ይቀጣል፤ ከዲሲፕሊን ብርታት የተነሣ ሌላ ለማድረግ ያልቻለ እንደ ሆነ ግን ዳኛው ሊያቀልለት፣ ፈጽሞም ሊምረው ይችላል ይል ነበር። ይህ ሕግ በእውነት የተፈተነው በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የደርግ ባለሥልጣኖች ክስ ነው። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሾቹን በሦስት ወገን መደባቸው፦ የወሰኑ፣ ትእዛዙን ተቀብለው ያስተላለፉ ወይም በገዛ ሥልጣናቸው የወሰኑ፣ በእጃቸው የፈጸሙ። ከሁሉ በላይ የነበረው ሰው ሐራሬ ተቀምጦ ሳለ በሌለበት ተፈረደበት፤ ከታች የነበሩትን ደግሞ የሟች እናቶች በመልካቸው ለይተው ይመሰክሩባቸው ነበር። ለፍርድ የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው፤ ደም አላየምና ገደልሁ አይልም፣ ወሳኝም አይደለምና አዘዝሁ አይልም፤ ወረቀቱን ማኅተም አድርጎ ወደ ታች ሰድዷል። በእኔ አሳብ ግን ትእዛዙን በጸጥታ፣ ያለ ፍርሃትና ያለ ቍጣ ለማንበብ ጊዜ የነበረው እርሱ ነው፤ ማሊንኪም መጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ በሚገባው ሰዓት ጠይቆ መልሱን ሲሰማ፣ ወረቀቱን ወደ ኋላ ለመመለስ ገና ጊዜ ነበረው።