ለገሪማ ወንጌል ማን ይመስክር?

ዓድዋ አጠገብ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የተቀመጡት የብራና ወንጌሎች ዕድሜ ሊቃውንትን ለአሥርት ዓመታት አከራክሯል። የገዳሙ አባቶች ጸሐፊያቸው ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አባ ገሪማ እንደሆኑ፣ ጽፈው እስኪጨርሱም ፀሐይ እንደቆመችላቸው ይተርካሉ። እንዲህ ከሆነ መጻሕፍቱ የ6ኛው መቶ ዓመት ናቸው። የሥዕሎቹን አሣሣል የመረመሩ የውጭ አጥኚዎች ግን ወደ 10ኛውና 11ኛው መቶ ዓመት አወረዷቸው። የአባቶች ቃል "አፈ ታሪክ" ተባለ፤ የአጥኚዎቹ ግምት እንደ እውቀት ተጠቀሰ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚው ዣክ መርሲዬ ከብራናው የረገፉ ቁርጥራጮችን ኦክስፎርድ ላይ በካርቦን አስመረመረ። የተገኘው ዘመን ከ330 እስከ 650 ባሉት ዓመታት መካከል የሚወድቅ ነው። ገዳሙ የያዘው በሥዕል ከተዋቡ የዓለም ጥንታዊ ወንጌሎች ተርታ የሚሰለፍ ቅርስ መሆኑ ያን ጊዜ ተሰማ።

በዚህ ውጤት ደስ ያላለው ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ያም ሆኖ ከልኩ አናሳልፈው። ካርቦን የሚናገረው ቆዳው የተገፈፈበትን ዘመን ነው፤ ቀለሙ መቼ እንደፈሰሰ፣ እጁም የማን እንደነበረ አይነግረንም።

ክርክሩ በየጉባኤው ሲነሳ ግን ማስረጃው ይቀርና ማዕረግ ይቆጠራል። አንዱ "ዶክተር አይደለም" ይላል፤ ሌላው "ጉባኤ ቤት አልዋለም" ብሎ ይመልሳል። የአብነት ትምህርት ማረጋገጫ የለውም የሚል ሰው ትምህርቱን አያውቀውም። ድጓ የተማረ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አምባ ሄዶ ሳያስመሰክር ወንበር አይዘረጋም። ከዓመታት ጥናት በኋላ፣ በመምህራን ፊት፣ ቃል በቃል የሚፈተን ነው። በዚያው ልክ ግን ይህ ምስክርነት የብራና ዕድሜ መገመትን አያካትትም፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ ዶክትሬትም ግእዝ ማወቅን አያረጋግጥም። እያንዳንዱ ማዕረግ የሚመሰክረው ለተፈተነበት ነገር ብቻ ነው።

ሁለቱን ያጣመሩ ሰው ነበሩን፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ። በልጅነታቸው በቤተ ክርስቲያን ተምረው ቱቢንገን ላይ ዶክትሬታቸውን ያገኙት እኚህ ሊቅ፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው ከኢትዮጵያ አድባራት በማይክሮፊልም የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ገጽ በገጽ መርምረዋል። ከእነዚሁ መካከል ቁጥር 1763 በተባለው የስብከት መጽሐፍ ውስጥም የአክሱም ጳጳስ ሉልያኖስ የተባለ ሰው ድርሳን አግኝተው አሳተሙ። ስለ አክሱም ዘመን ክርስትና በምናውቀው ላይ እንዲህ ያለ ግኝት የሚጨምረው፣ ግእዙን እያነበበ ቆም የሚል፣ "ይህ ቃል ከሌላው ይለያል" የሚል ዓይን ነው።

የገሪማ ወንጌልም የሚፈልገው ይህን ዓይን ነው። አጥኚው ሮኹስ ዙርሞንድ እ.ኤ.አ. በ1989 የግእዙን የማርቆስ ወንጌል ከብዙ ቅጂዎች አነጻጽሮ ሲያሳትም፣ ጥንታዊው ንባብ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ከሚነበበው በብዙ ቦታ እንደሚለይ ታይቷል። ዛሬ የሚነበበውን ወንጌል ደግሞ የአብነቱ የሐዲስ ኪዳን መምህር ከነአንድምታው በቃሉ ይዞታል። አንድ ፊደል ስትዛባ፣ አንድ ቃል ስትጎድል ጆሮው ወዲያው ይነቃል፤ ለምን እንደተለወጠችም አንድምታው ፍንጭ ሊሰጠው ይችላል። የብራናው ፎቶግራፍ ለኦክስፎርድ ተመራማሪ እንደደረሰ ሁሉ ለእሱም ይድረሰው። ንባቡ በስሙ ይመዝገብ፤ ከተሳሳተም በስሙ ይታረም።