የደም ቀለም ምስክርነት

በጥር ወር 1896 እ.ኤ.አ. በደቡብ ዌልስ፣ ታይለርስታውን በሚገኝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ 57 ሠራተኞች ሞቱ። ገዳዩ የፍንዳታው ኃይል ነው ብሎ መገመት ቀላል ነበር። አስከሬኖቹን የመረመረው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ግን የብዙዎቹ ቆዳ እንደ ሕያው ሰው ቀልቶ አገኘው። የደማቸውንም ናሙና መርምሮ አብዛኞቹን የገደለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጠ።

መታፈን ሕዋሳት ኦክስጂን ሲያጡ የሚደርስ ሞት ነው፤ መንገዱ ግን ልዩ ልዩ ነው። አንገት ሲታነቅ ወይም ደረት በከባድ ነገር ሲጫን ደሙ ኦክስጂን አጥቶ ይጠቁራል፤ በዐይን ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይም ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ሊታዩ ይችላሉ። በካርቦን ሞኖክሳይድ ጊዜ ግን አየር ወደ ሳንባ መግባቱን አያቋርጥም። ጋዙ ከኦክስጂን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጥንካሬ ከሄሞግሎቢን ጋር ስለሚጣመር የኦክስጂንን ቦታ ይይዝበታል፤ ደሙም ደማቅ ቀይ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ዐይን ሊሳሳት ይችላል፤ ብርድና የሳያናይድ መርዝም አስከሬንን ያቀላሉ። ስለዚህ ወደ ፊዚክስ እንዞራለን። በደም ውስጥ ብርሃን ስናሳልፍ ኦክስጂን የያዘ ሄሞግሎቢን በ541 እና በ577 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃንን ውጦ ሁለት ጥቁር መስመሮች ያሳያል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውም ተመሳሳይ ሁለት መስመሮች አሉት። ልዩነቱ የሚገለጸው ኦክስጂንን የሚነጥቅ ኬሚካል ሲጨመር ነው፦ የፊተኛው መስመሮች ወደ አንድ ሲዋሐዱ የኋለኛው ግን ባሉበት ይጸናሉ።

ይህ ዕውቀት ለፍትሕም ይጠቅማል። በተቃጠለ ቤት ውስጥ በተገኘ አስከሬን የአየር ቧንቧ ጥቀርሻ፣ በደሙም ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተገኘ ሟቹ እሳቱ ሲነሳ ይተነፍስ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ከሌሉ ግን ሐኪሙ «ከእሳቱ በፊት ሞቶ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

አንባቢያን ሆይ፣ ታይለርስታውን ሩቅ ቢሆንም ጋዙ ግን ቅርባችን ነው። በብርድ ሌሊት በር ዘግተን የምናስገባው የከሰል ምድጃ ይኸንኑ ጋዝ ያመነጫል። ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። ራስ ምታትና ማዞር ከተሰማን ፈጥነን ወደ ውጭ እንውጣ፤ ከሁሉ በላይ ግን ከመተኛታችን በፊት ምድጃውን ከቤት እናውጣ። የደም ቀለም ምስክርነት ለሟች ፍትሕን እንጂ ሕይወትን አይመልስምና።