እንቁራሪት በአፏ አትጠጣም፤ ታዲያ በምን?

በመተማ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ዋልካው መሬት ላይ ሲያቁር፣ ከመግሪብ በኋላ የእንቁራሪት ጩኸት እንቅልፍ ይነሳል። ሰንበት ሲል ኩሬው ጭራ ባላቸው ጥቃቅን ጥቁር እጮች ይሞላል። ልጆች በጣሳ እየቀዱ «ዓሣ ያዝን» ይላሉ። በመምህርነት ዘመናችን ስናርማቸው ኖረናል፤ ነገሩን ስናጠናው ግን ያን ያህል አልተሳሳቱም።

እጯ የምትኖረው እንደ ወንዝ ዓሣ ነው። በደሟ ያለው ጨው ከኩሬው ስለሚበልጥ ውሃው ሳትፈልገው በራሱ ይገባባታል። ጭንቋ ትርፉን ማስወጣት እንጂ ማግኘት አይደለም።

ጎልማሳዋ እንቁራሪት ግን ውሃ የምታገኘው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ነው። እርጥብ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ሆዷን ስታስነካ እየጠጣች ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግላት «አኳፖሪን» የተባለ ፕሮቲን ነው። በህዋስ ሽፋን ላይ ተሰክቶ ውሃን በነጠላ ሰልፍ ያሳልፋል፤ በአንዱ ቀዳዳ በሰከንድ 3 ቢሊዮን ያህል የውሃ ሞለኪውል ያልፋል። ያገኙት አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በ2003 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋርተዋል።

በጃፓን የዛፍ እንቁራሪት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ የታችኛው ሆድ ቆዳ አኳፖሪኖች የሚወጡት እጯ ወደ እንቁራሪትነት በምትለወጥበት ጊዜ ነው። ለውጡን የሚመራው የታይሮይድ ሆርሞን ነው፤ ጭራውን የሚያጠፋውም እሱ ነው። በኋላ ሰውነቷ ሲደርቅ ሌላ ሆርሞን ይለቀቅና ህዋስ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩትን አኳፖሪኖች ወደ ላይኛው ሽፋን ያወጣቸዋል። የሰው ኩላሊትም ውሃ የሚቆጥበው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህ ሳይገርመን አልቀረም።

የመተማ ኩሬ ግን ጊዜ አይሰጥም። ዝናቡ ለሳምንታት ቢቋረጥ፣ በዚያ ሙቀት ኩሬው ቶሎ ይደርቃል። ያኔ እግሯ ያልበቀለ፣ ሳንባዋና ቆዳዋ ለየብስ ያልተዘጋጀ እጭ ጭቃው ላይ ትቀራለች። ቀድማ የተለወጠችው ትወጣና እርጥበት ያለው ስንጥቅ ትፈልጋለች።

የወጣችውም ቢሆን ሌላ አደጋ ይጠብቃታል። ውሃ የሚያስገባው ቀጭን ቆዳ ለሌላም ነገር ስስ ነው። ሰሊጥ ማሳ ላይ የተረጨ ኬሚካል ወደ ኩሬው ከታጠበ፣ ወይም መርጫው እዚያው ከተለቀለቀ፣ መድኃኒቱ ሳትውጠው በሆዷ ቆዳ በኩል ሊገባባት ይችላል።