ዝናብ ሲቀርም ሲመጣም የሚያሰጋቸው የዋግ ተራሮች

የድርቅ ዓመት መምጣቱ በሰማይ ብቻ ሳይሆን በገበያም ይታወቃል። እህል ይወደዳል፤ ፍየልና በግ ይረክሳል። ሁሉም ሊሸጥ ስለሚወጣ ገዢ ይጠፋል፤ እንስሳቱም ግጦሽ አጥተው ከስተዋል። በዋግ ኽምራ ይህን ምልክት የማያውቅ አባወራ ያለ አይመስለንም። አስቸጋሪው በጊዜ መወሰኑ ነው። በድርቅ ዓመት በጥቅምት የተሸጠ ፍየል የሚያስገኘውን እህል በመጋቢት የተሸጠው አያስገኝም።

ውድ አንባቢያን! የሰቆጣ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታወሰን የ1977ቱ ረሃብ ነው። ያኔ ስንቱ ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ በእግሩ ወደ ኮረም ተሰደደ! በመንገድ የቀረውንስ ማን ቆጠረው? በ2008 ዓ.ም. ከኤልኒኞ ጋር በመጣው ድርቅ በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ሲሻ፣ ዋግም ክፉኛ ተጎድታለች። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አይደለም።

ዝናብ ሲጠፋ ሙስሊሙ ለዝናብ ሶላት ይወጣል፤ ክርስቲያን ጎረቤቱም ምህላ ይይዛል። ዝናቡ ሲመጣስ ወዴት ይሄዳል? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዋግ ክረምቱ አጭር ነው፤ ዝናቡ በአብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለዘመናት ሲታረስ የኖረውና ዛፉ ያለቀበት ገመገም ውሃውን ሊይዘው አይችልም። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ተከዜ ይነዳዋል፤ ብዙውም በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል። በማሳው ላይ የሚቀረው ስስ አፈርና ድንጋይ ነው። ስስ አፈር ደግሞ ርጥበት አያቆይምና ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢቋረጥ ማሽላው ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል። ሰዉ ግን «ዝናብ አጠረን» ይላል። አዎ፣ አጥሯል፤ የመጣውም አልተያዘም።

እርከን የሚሠራው ለዚህ ነው። ውሃውን ያዘገየዋል፤ አፈሩን ያስቀራል። ከብት እንዳይገባበት የተከለለ ተራራ ሣርና ቁጥቋጦ ያበቅላል፤ ከሥሩ ያለው ምንጭ ይጎለብታል፤ ለንብም አበባ ይገኛል። የሰቆጣ ማር የታወቀ ነው። እህል በጠፋ ዓመት ጥቂት ቀፎ ያለው ቤት ከባዶ ቤት ይሻላል፤ ምንም እንኳ በከፋ ድርቅ ንቡም ቀፎውን ጥሎ የሚሄድ ቢሆን።

የተራራ ሰው ሌላም ስጋት አለበት፤ ናዳ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ አስቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሌላ ናዳ የወረደባቸው ናቸው። ጎፋ ከዋግ ሩቅ ነው፤ ዝናቡም ይበዛል። ሆኖም ገደል ሥር ቤት ያለው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከቤቱ በላይ ያለው መሬት ከተሰነጠቀ፣ ዛፍ ካዘነበለ፣ ምንጩ በድንገት ከደፈረሰ ቤተሰቡን ይዞ ከናዳው መንገድ ወደ ጎን መውጣት ነው። ለእርዳታ የሚሮጡትም ሽቅብ የሚመለከት አንድ ሰው ያቁሙ።

በከተማና በውጭ አገር ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ገንዘብ የምትልኩ ወጣቶችም አላችሁ። ክረምቱ ቀድሞ መውጣቱን ከሰማችሁ ግንቦትን አትጠብቁ፤ በጥቅምትና በኅዳር ላኩ። ያኔ እናታችሁ እህሉን ሳይወደድ ትሸምታለች፤ የምትወልደዋ ፍየልም ከበረት አትወጣም።