ስለ ቋንቋና ስለ አእምሮ ሚዛን

እህልን ከነስልቻው መዝኖ የስልቻውን ክብደት የማይቀንስ ነጋዴ ገዢውን ይበድላል። እንዲሁም ሰውን በሚገባ በማያውቀው ቋንቋ ፈትኖ ውጤቱን የአእምሮው ልክ ነው የሚል መርማሪ ተፈታኙን ይበድላል።

ለዚህ ነገር ድሬዳዋ መልካም ምስክር ናት። የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጀምሮ፥ ሶማሌው፥ ኦሮሞው፥ አማራው፥ ሐረሪው፥ ዐረቡም በመጋላና በከዚራ ሲገናኝ ኖሮባታል። በቀፊራ ገበያ እናቱን የሚረዳ ሕፃን በሁለት በሦስት ቋንቋ ዋጋ ይከራከራል፤ መልሱንም ሳይሳሳት ይቈጥራል። ነገር ግን ለዚሁ ሕፃን ባልለመደው ቋንቋ የተጻፈ የማስተዋል ጥያቄ ቢቀርብለት፥ የተሰጠውን ጊዜ በመተርጐም ይፈጀዋል፤ በመተርጐም የተያዘ ልቡናም ለማሰብ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ፈታኙም «ደካማ ነው» ብሎ ይጽፍበታል፤ ይህችም ቃል ከክፍል ወደ ክፍል ትከተለዋለች።

እንዲህ ያለው ስሕተት በታላላቆቹም አገሮች ደርሷል። በፈረንጆች ቍጥር በ1917 አሜሪካ ወደ ጦርነት በገባች ጊዜ፥ ሮበርት ዬርክስና ባልደረቦቹ ወታደሮችን በሁለት ዓይነት ፈተና መረመሩ። «አልፋ» የተባለው እንግሊዝኛ ለሚያነቡ፥ «ቤታ» የተባለው ደግሞ ለማያነቡና ቋንቋውን ለማያውቁ በሥዕል የተዘጋጀ ነበረ። በ1923 ካርል ብሪገም የተባለ መምህር ከዚሁ ምርመራ ተነሥቶ፥ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ሕዝቦች በአእምሮ ያንሳሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ። ይሁን እንጂ በዚያው መጽሐፍ፥ በአሜሪካ ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩት መጻተኞች ከአገሩ ተወላጆች ጋራ ሲተካከሉ፥ አዲስ የመጡት ዝቅ ብለው ይታዩ ነበር። ዓመታቱ የጨመሩላቸው ቋንቋና የአገር ልማድ ነው እንጂ ሌላ አእምሮ አይደለም። ብሪገምም በ1930 የቀድሞ አሳቡን በጽሑፍ ሻረ፤ በአንድ ቋንቋ የተዘጋጀ ፈተናም ያንን ቋንቋ ለመማር እኩል ዕድል ላገኙት ብቻ እንደሚገባ መሰከረ።

የቅኔ መምህር ግስ ሳያስገስስ ተማሪውን ቅኔ አልቈጠርህም ብሎ ሰነፍ አይለውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ስለ ደነገገ፥ በድሬዳዋ በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይማራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ግን ትምህርቱም ፈተናውም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። እንግዲህ በዚህ መሻገሪያ የሚታየው ዝቅታ የማስተዋል ይሁን የቋንቋ ሳይለይ ፍርድ መስጠት አይገባም።

ይህም ሲባል ዝቅ ያለ ውጤት ሁሉ ከቋንቋ የመጣ ነው ማለት አይደለም፤ እርዳታ የሚያሻው ሕፃን አለና፥ እርሱም ተለይቶ ሊታወቅ ይገባዋል። ስለዚህ መርማሪ አስቀድሞ ልጁ በቤቱ የሚናገረውን ቋንቋ ይጠይቅ፤ በዚያም ቋንቋ ደግሞ ይመርምረው፤ ውጤቱንም ከመሰሎቹ ጋራ ያስተያየው። ቃሉን ብቻ ተርጕሞ የባዕድ አገር ምሳሌ ማቅረብም አይበቃም። አስተርጓሚ ሳያቆሙ በባዕድ ቋንቋ ተናጋሪ ላይ መፍረድ በዳኛ ዘንድ ነውር እንደ ሆነ፥ በትምህርት ቤትም ነውር ሊሆን ይገባል።