ከበሩ የተመለሰችው እናት

በአሜሪካዋ የሮቼስተር ከተማ፣ በወጣት አጥፊዎች ማቆያ ውስጥ አንድ እሳት የሚለኩስ ልጅ ነበር። አእምሮው ብሩህ ነው፤ ለምን እንደሚያቃጥል ግን የሚገባው ሰው አልነበረም። ጉዳዩ ካርል ሮጀርስ ለተባለ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ተመራ።

ሮጀርስ መልሱን በእጁ የያዘ መስሎት ነበር። በወጣት አጥፊዎች ጥናት ስመ ጥር የነበረው ዊሊያም ሂሊ፣ ከጥፋት ጀርባ ብዙውን ጊዜ የተደበቀ የወሲብ ጭንቀት እንዳለ ያስተምር ነበር። ጭንቀቱ ከተገለጠ ጥፋቱም ይቀራል። ሮጀርስ ልጁን ደጋግሞ እያነጋገረ የነገሩን ክር ወደ ኋላ ተከተለና ሂሊ ያለውን አገኘ። ዶሴው ተዘጋ፤ ልጁም በአመክሮ ተለቀቀ።

ከተለቀቀ በኋላ ያንኑ ጥፋት ደገመው።

ሮጀርስ ደነገጠ። ታላቁ ሂሊም ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። ታዲያ ማንን ይመን?

ሮቼስተር የደረሰው በ1928 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ በ26 ዓመቱ፣ በዓመት 2,900 ዶላር ደመወዝ። እስከዚያ ያለው መንገዱ ዚግዛግ ነው። ግብርና ሊማር ገብቶ ወደ ታሪክ ዞረ፤ ሰባኪ ለመሆን ኒው ዮርክ ነገረ መለኮት ጀመረ፤ ከዚያ ጎዳናውን ተሻግሮ ኮሎምቢያ መምህራን ኮሌጅ ገባ። እዚያ የተማረው በቁጥርና በፈተና የሚመዘን ሥነ ልቦና ነበር። በ1931 ለያዘው ዶክትሬትም ከ9 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች የጠባይ መመዘኛ ፈተና አዘጋጀ። ልጁ ሰው ወደሌለበት ደሴት ቢሄድ እነማንን ይዞ እንደሚሄድ ሁሉ ይጠየቅበታል። ጎበዝ መዛኝ ነበር ማለት ነው። ፍርድ ቤትና የተለያዩ ድርጅቶች የሚልኩለትን ችግረኛ ልጆች መርምሮ፣ ችግሩን ለይቶ መፍትሔ መጻፍ ሥራው ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት እናት መጣች። አስተዋይ ሴት ናት፤ ልጇ ግን ቤት የሚያምስ አስቸጋሪ ሆኖባታል። ሮጀርስ ታሪኩን አጠናቀረና ምክንያቱን አገኘ፦ እናትየዋ ልጁን ገና በሕፃንነቱ ገፍታው ነበር። የቀረው ይህን ለእሷ ማሳየት ብቻ ነው። ከምትነግረው ውስጥ ማስረጃውን እየለቀመ፣ ሳያስቀይማት፣ ቀስ ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። ሴትየዋ አልተቀበለችም።

በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ሁለቱም የቻሉትን እንደሞከሩ፣ እንዳልሆነላቸውም፣ ግንኙነቱን ቢያቆሙት እንደሚሻል ነገራት። ተስማማች። ተጨባበጡ። ወደ በሩ አመራች።

በሩ ጋ ስትደርስ ዘወር አለችና፣ እዚህ ቤት ለአዋቂዎችም ምክር ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀችው።

ይሰጣል አላት። እንግዲያው እርዳታ የምትፈልገው እሷ መሆኗን ተናግራ ወደተነሳችበት ወንበር ተመለሰች። ስለ ትዳሯ፣ ከባሏ ጋር ስላለው ቅሬታ፣ ስለ ውድቀቷና ግራ መጋባቷ አንድ በአንድ ዘረገፈችው። ቀደም ሲል ከሰጠችው የደረቀ የቤተሰብ ታሪክ ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም። ሮጀርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ አዳመጠ። እኔ እንደሚመስለኝ ዕድሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ማብራሪያ ቢኖረው ኖሮ አቋርጧት ይናገር ነበር። ቀጠሮው እንደገና ጀመረ፤ ከጊዜ በኋላ እሷም ልጇም ተሻላቸው።

የት እንደሚያም የምታውቀው ባለጉዳይዋ ራሷ ነበረች። ሮጀርስ ይህን ይዞ ዓመታት አሰበበት፤ በ1936 ሮቼስተር መጥቶ ያስተማረው የሥነ ልቦና ተንታኝ ኦቶ ራንክም አሳቡን አበረታለት። በ1939 አዲስ የምክር ማዕከል ሲቋቋም፣ መሪው የሥነ አእምሮ ሐኪም ካልሆነ ያሉትን ተከራክሮ ኃላፊነቱን ያዘ። ከዚያ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ።

ታኅሣሥ 11 ቀን 1940 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ንግግር አደረገ። ምክር መለገስና ባለጉዳዩን መተንተን እንደ አሮጌ ዘዴ መታየት አለባቸው ሲል፣ እሱ ሌሎችም የሚሉትን የደገመ መስሎት ነበር። አዳራሹ ግን ታወከ፤ አንዳንዱ አደነቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ። ሮጀርስ አዲስ ነገር መናገሩን የተረዳው ያኔ ነው።

እንዴት ያስረዳ? ከተማሪው በርናርድ ኮቭነር ጋር ሆኖ ምክሩን በሸክላ መቅዳት ጀመረ። አንዱ የሸክላ ፊት የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ስለነበር፣ ወሬው እንዳይቆረጥ ሁለት መቅረጫዎች እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር። በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ኸርበርት ብራያን በሚል የሽፋን ስም የተጠራ ሰው ስምንት ቀጠሮዎች ቃል በቃል ታተሙ። ሮጀርስ ማስታወሻ እየጻፈበት፣ አማካሪው አጉል የተናገረባቸውን ቦታዎች ሳይቀር ለአንባቢ አመለከተ።