አሮጌ ኮምፒዩተር ለጌም ቤት፤ ብሩ መጀመሪያ የት ይግባ?

ያገለገለ ኮምፒዩተር ዋጋው የሚቆረጠው አዲስ አበባ ነው። የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ብቸና ወይም ሞጣ እስኪደርስ ግን የጭነትና የደላላ ሒሳብ ይጨመርበታል። የማይገጥም ዕቃ ከተላከም የመመለሻው ወጪ፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የመጠበቂያው ጊዜ በገዥው ላይ ይወድቃል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ስህተት ይበልጥ ውድ ሆኗል። በዚያን ዕለት የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ኮምፒዩተሩም መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ በአነስተኛ ካፒታል ጌም ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው አሮጌውን አሻሽሎ መጠቀም ያዋጣው እንደሆነ ቢጠይቅ አያስደንቅም። መልሱ ያዋጣል ነው፤ ነገር ግን ተራው ሲጠበቅና የት እንደሚቆም ሲታወቅ ነው።

ኬዙን አይቶ መግዛት

በመጀመሪያ ላፕቶፕ ከሒሳቡ ይውጣ። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ግራፊክሱ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም።

ከዴስክቶፕ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010ን ለምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የቢሮ ኮምፒዩተር ሲሆን ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 የተገጠመለት ይገኛል። ስሙ አንድ ቢሆንም መጠኑ ይለያያል። ትልቁ ኬዝ ሙሉ ቁመት ያለው ግራፊክስ ካርድ ሲቀበል፣ ቀጭኑ ኬዝ አጭሩን ካርድ ብቻ ያስገባል። ስለዚህ ገዥው ሞዴሉን ብቻ ሳይጠይቅ የተከፈተውን ኬዝ ፎቶግራፍ ማስላክ ይኖርበታል።

የወጪው ተራ

አንደኛ፣ ሜሞሪ። 4 ጊጋባይት ለጌም አይበቃም፤ 8 መነሻ ነው። ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ባለ 4 ጎን ለጎን ቢገጠሙ መረጃው በሁለት መንገድ ስለሚመላለስ ፍጥነቱ ይጨምራል። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 እንደማይተካኩ መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛ፣ ኤስኤስዲ። የጨዋታውን ምስል ጥራት አይጨምርም፤ የመክፈቻውን ጊዜ ግን በእጅጉ ያሳጥራል። በሰዓት ለሚያስከፍል ቤት ደንበኛ ባዶ ስክሪን እያየ መቀመጡ ኪሳራ ነው።

ሦስተኛ፣ ግራፊክስ ካርድ። የቢሮ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ደካማ ስለሆነ ለካርዱ የተለየ የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም። በቦርዱ ሶኬት በኩል የሚገኘው ኃይል እስከ 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በዚህ ልክ የሚሠራና 4 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ ያለው ካርድ ነው። ሆኖም ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቁ አንዳንድ ምርቶች ስላሉ አስቀድሞ ይታይ።

አንድ ስም፣ ሁለት ዕቃ

ገዥ በብዛት የሚታለለው ካርዱ ላይ ነው። ጂቲ 1030 የተባለው ካርድ በሁለት ዓይነት ሜሞሪ ወጥቷል፤ አንደኛው ጂዲዲአር 5፣ ሌላው ዲዲአር 4። የሁለተኛው ሜሞሪ መረጃ የማመላለስ አቅም የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው። የጥንት ካርዶችን መረጃ ለውጦ 1050 ቲአይ ናቸው ብሎ መሸጥም በዓለም ገበያ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ጂፒዩ-ዜድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያጋልጣል። ፍተሻው መካሄድ ያለበት ገንዘብ ከመከፈሉና ዕቃው ዓባይን ከመሻገሩ በፊት ነው።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ መቆየቱ ይታወሳል። በኢንተርኔት ብቻ በሚሠራ ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ቤት እንዲህ ባለ ጊዜ በሩን ይዘጋል። ካውንተር ስትራይክ 1.6ን የመሰለው ጨዋታ ኮምፒዩተሮቹን በኬብል በማገናኘት ብቻ ያጫውታል፤ ፔስ 2017ም ሁለት ሰው በአንድ ስክሪን ሊገጥምበት ይችላል። ሁለቱም ከላይ በተገለጸው ኮምፒዩተር ያለችግር ይሠራሉ።

ዕድሜያቸው ግን መታወቅ አለበት። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ኢንቪዲያም ለ1050 ቲአይ ዘመን ካርዶች አዳዲስ ጨዋታዎችን ታሳቢ ያደረገ ሶፍትዌር ማውጣቱን በዚያው ወር አቁሟል። ለቆዩ ጨዋታዎች ይህ ብዙ አይጎዳም፤ አዲስ የሚወጣውን ሁሉ አጫውታለሁ ለሚል ግን ሒሳቡ አይመጣም።

የት ይቁም?

ለሦስቱ ዕቃዎች የሚወጣው ድምር፣ ስምንተኛ ትውልድ ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሹን ካለፈ ማሻሻሉን ትቶ አዲሱን ትውልድ መግዛት ይሻላል። ከዚያ በላይ አሮጌው ላይ ማፍሰስ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከዚህ በታች ከሆነ ደግሞ ብሩ ተነቅሎ ሊወጣ በሚችል ዕቃ ላይ ይዋል። ኤስኤስዲውና ካርዱ ነገ ወደሚገዛው ኮምፒዩተር ይዛወራሉ፤ ወይም ለብቻቸው ይሸጣሉ። ዲዲአር 3 ሜሞሪ ግን ከአሮጌው ጋር አብሮ ይቀራል። ስለሆነም በሜሞሪው ላይ ቆጠብ፣ በካርዱ ላይ ጠንቀቅ ያለ ነጋዴ ኮምፒዩተሩ ቢያረጅበት እንኳ ካፒታሉን ከነአካቴው አያጣም።